ግድብ ፎቶ ያነሣሁበት ቀን

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ተሳፋሪ ነው። ቅዳሜ ጧት ከባልቲሞር ባቡር ጣቢያ የጫንኩት ሽማግሌ አሜሪካዊ ነበር። አንድ ትንሽ ሻንጣና የመድፍ ጥይት የሚያህል ጥቁር ቦርሳ ይዟል። ሻንጣውን ከኋላ እንድጭንለት ፈቀደልኝ፤ ቦርሳውን ግን እንደ ታመመ ሕፃን ጭኑ ላይ አቅፎ ተቀመጠ። የሚሄድበት ስፍራ ስልኬ ላይ ሲወጣ «ኮኖዊንጎ» ይላል። ሜሪላንድ ስኖር አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ስሙን ሰምቼው አላውቅም።

«ምን ቢይዙ ነው እንዲህ የተጠነቀቁለት?» አልኩት።

«ሌንስ» አለኝ።

«እዚያስ ምን አለ?»

«ግድብ። ከግድቡ ሥር ደግሞ ንስር።»

ከዚያ ሳላስበው ከአፌ ያመለጠኝ ጥያቄ «ግድብ ፎቶ ማንሣት ይፈቀዳል እንዴ?» የሚል ነበር። ሰውዬው በመስተዋቱ ውስጥ ትኩር ብሎ አየኝ። ጥያቄው አልገባውም። የእኔ እንግሊዝኛ መስሎት ደግሜ እንድናገር ጠየቀኝ፤ እኔም «ተወው፣ ምንም አይደል» ብዬ መንዳቴን ቀጠልኩ።

አንባቢዬ ግን ጥያቄው እንደሚገባው አልጠራጠርም። እኛ ድልድይ፣ ግድብ፣ አውሮፕላን ማረፊያና የቤተ መንግሥት አጥር ፎቶ እንደማይነሣ ሳይነገረን እያወቅን ያደግን ሰዎች ነን። ይህንን ማንም በመማሪያ መጽሐፍ አላስተማረንም፤ ከእናት ጡት ጋር የጠባነው ነው። የእኔ ደግሞ ከዚህ ትንሽ ያልፋል።

በ1996 ዓ.ም. የሃያ አራት ዓመት ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ በአንድ የግል ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ እሠራ ነበር። ስለ መንገድ ብልሽት እንድጽፍ ወደ ክፍለ ሀገር ተላክሁ። ካሜራው የዝግጅት ክፍሉ ነው፤ ሌንሱን ግን ከአንድ የሠርግ ፎቶ አንሺ ወዳጄ ተውሼ ነበር። ከ70 እስከ 300 ሚሊ ሜትር የሚሄድ ዙም ነው። ለእኔ በዚያን ጊዜ ያ ሌንስ የዓለም ሀብት ነበር። ከአንድ ትልቅ ድልድይ ማዶ፣ ኮረብታ ላይ ሆኜ የተደረደሩትን የጭነት መኪኖች ሳነሣ ጠባቂዎች ደረሱብኝ። የድልድዩንም የወንዙንም ስም አልጠራም፤ ሰዎቹም ታዘው ነው። ፊልሙን ከካሜራው መዝዘው እንደ ፈትል ፀሐይ ላይ ዘረጉት። የያዘኝ አለቃ ሌንሱን ወዲያና ወዲህ እያገላበጠ የጠየቀኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም፤

«ይህ ስንት ኪሎ ሜትር ያቀርባል?»

ሌንስ በኪሎ ሜትር አይለካም ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። ባልጀምር ይሻል ነበር። አሥራ አንድ ቀን ታሰርኩ። እናቴ ከአዋሳ 275 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ መጥታ በየቀኑ ስንቅ ታመላልስልኝ ነበር፤ ሽሮ በሳህን፣ ሻይ በፔርሙዝ። አንድም ቀን «ምን አድርገህ ነው?» ብላ አልጠየቀችኝም። የተፈታሁ ቀን ብቻ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ «ያንን ረጅም ነገር ለባለቤቱ መልሰው» አለችኝ። ሌንሱ ግን አልተመለሰልኝም ነበር፤ የወዳጄን ዕዳ በሰባት ወር ደመወዝ ከፈልኩ።

ከዚያ በኋላ የትምህርት ዕድል አግኝቼ ወደ ኖርዌይ ሄድኩ። ሁለተኛ ዲግሪዬን ይዤ ወደ ጋዜጠኝነት እመለሳለሁ ስል አገሩም ጋዜጣውም የሚመለሱበት አልሆነም። ጋዜጣው ተዘጋ፣ እኔም ቀረሁ። የራሴ የነበረችውን አንዲት ካሜራ ኦስሎ ላይ የቤት ኪራይ ሲያንገበግበኝ ሸጥኳት። ቀሪው እንደማንኛችሁም ነው፤ አሜሪካ፣ ታክሲ፣ ትዳር፣ ልጆች።

ወደ ሽማግሌው ልመለስ። ኮኖዊንጎ ስንደርስ «ጊዜ ካለህ ና እይ» አለኝ። መኪናዬን አቁሜ አሥር ደቂቃ ብቻ ልይ ብዬ ወረድኩ፤ ሁለት ሰዓት ቆየሁ። ሰውዬው ከቦርሳው ያወጣው 600 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነበር። አንድ ጊዜ አየሁበት። ከወንዙ ማዶ ዛፍ ላይ የተቀመጠ ንስር፣ በባዶ ዓይን ነጭ ነጥብ የነበረው፣ ዓይኑን ሲያርገበግብ ታየኝ። በዚያች ቅጽበት ሃያ ዓመት ሙሉ «ተውኩት» ስለው የኖርኩት ነገር እንዳልተወኝ ገባኝ።

ካሜራ ነበረኝ። ከአምስት ዓመት በፊት ለልጆቼ ልደት ብዬ የገዛኋት ኒኮን ዲ7500 ናት። አብሯት የመጣው ሌንስ ከ18 እስከ 140 ነው፤ ለልደት ኬክ ይበቃል። ለንስር ግን አይበቃም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ልንገራችሁ፤ እኔንም ሰዎች ዛሬም «ዙሙ ስንት ኪሎ ሜትር ያቀርባል?» ይሉኛልና። ዙም ማለት ማቅረብ ማለት አይደለም። ዙም ማለት የትኩረት ርዝመቱ የሚለዋወጥ ማለት ነው፤ ሩቁን የሚያቀርበው ቴሌፎቶነቱ ነው። ከ18 እስከ 140 የሚሄደው ዙም ነው፤ ሩቅ ላይ ግን ብዙም አያግዝ። ሽማግሌው የያዘው 600 ደግሞ ዙም አይደለም፤ አንድ ልክ ብቻ ነው፤ ሩቁን ግን ደጅህ ያደርሰዋል። ሁለቱ በአንድ ሲገናኙ ቴሌፎቶ ዙም ይባላል።

መጀመሪያ የሠራሁትን ሞኝነት አልደብቅም። ከ420 እስከ 800 ሚሊ ሜትር ነኝ የሚል ሌንስ በ89 ዶላር አየሁና ዘልዬ ገዛሁ። የሽማግሌው ከአሥር ሺህ ዶላር በላይ ነው፤ የእኔ በቁጥር ይበልጠዋል፤ ከዚህ የበለጠ ምን ዕድል አለ! ዕቃው መጣ። ረጅም ነው፣ ቀጭን ነው፣ በእጅ እየጠመዘዙ የሚያስተካክሉት ነው። 800 ላይ ሲደርስ ቀዳዳው ኤፍ 16 ይሆናል፤ ይኸውም ቀትር ላይ ካልሆነ በስተቀር በቁልፍ ቀዳዳ እንደ ማየት ነው። ጨረቃን ባነሣባት እርሾው ያልነሣ እንጀራ መስላ ወጣች። ርካሽ ሥጋ ከመረቁ ያስታውቃል የሚሉት ለካ ለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ሒሳብ የሠራሁት። ኤፍ የሚባለው ቁጥር ሌላ ምስጢር የለውም፤ የሌንሱን ርዝመት ለቀዳዳው ስፋት አካፍሎ የሚገኝ ነው። 500 ሚሊ ሜትር ሌንስ ኤፍ 5.6 እንዲሆን ከተፈለገ 500ን ለ5.6 አካፍሉ፤ 89 ሚሊ ሜትር ይመጣል። የፊት መስተዋቱ ከዚያ ሊያንስ አይችልም። ኤፍ 4 ይሁን ካላችሁ 125 ሚሊ ሜትር፤ ያኔ ዋጋውም ክብደቱም ይጨምራል። ብርሃን በነፃ አይመጣም፤ ወይ በገንዘብ ወይ በጀርባ ይከፈላል። እኔ በሁለቱም መካከለኛውን መረጥኩ፤ ኒኮን እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣውን ከ200 እስከ 500፣ ከዳር እስከ ዳር ኤፍ 5.6 የሆነውን። አዲስ ሲወጣ ዋጋው 1,400 ዶላር ነበር። ክብደቱ 2 ኪሎ ከ300 ግራም፤ የፊቱ ማጣሪያ 95 ሚሊ ሜትር፤ የሾርባ ሳህን በሉት። የእኔ ካሜራ የምስል መቀበያዋ አነስ ያለ ስለሆነ 500ው በሙሉው መቀበያ የ750ን ያህል ጠበብ አድርጎ ያሳያል።

ስለ ክብደቱ ባለቤቴ ፊት ባማርር የተናገርኩትን አስታወሰችኝ። በወጣትነቴ የማደንቀው ሰው መሐመድ አሚን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1984 የኮረምን ረሃብ በፊልም ለዓለም ያሳየው ኬንያዊ። በ1991 አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ግራ ክንዱን አጣ፤ ሰው ሠራሽ ክንድ አስገጥሞ ወደ ካሜራው ተመለሰ። በ1996 ኮሞሮስ አጠገብ በወደቀው፣ በተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ነው የሞተው። «አንተ በሁለት እጅ ሁለት ኪሎ አቃተህ?» አለች ባለቤቴ። ዝም አልኩ።

ገንዘቡ ከእቁብ ነው የወጣው። አሥራ ሁለት ነን፤ በወር 250 ዶላር እንጥላለን፤ የሚደርሰው 3,000 ነው። ዕጣው በነሐሴ ደረሰኝ። ባለቤቴ ከዕጣው በፊት ጀምራ ነው ያቀደችው፤ ከእርሱ ላይ የእናቴ የአውሮፕላን ትኬት ይቆረጣል፣ የተረፈው ለክረምት ጎማና ለማሞቂያ። እናቴን ለማምጣት ስድስት ዓመት ስንጥር የቆየን ሰዎች ነን። ትኬቱ ተቆረጠ። የተረፈውን ሳይ እጄን በላኝ። ያገለገለ ሌንስ የሚሸጥበት ቤት ሄጄ በ850 ዶላር ተስማማሁ። የስልኬን መብራት በአንዱ በኩል አብርቼ በሌላው በኩል ሻጋታ ፈለግሁ፤ ቀለበቱን አዟዟርኩ፤ ሞተሩን አዳመጥኩ። ጥላው ውስጥ የባሕር ዳርቻ አሸዋ ነበር፤ የፊተኛው ባለቤቱ ባሕር የሚወድ ሰው መሆን አለበት።

ቤት ይዤ ስገባ ባለቤቴ ዕቃውን አየችው፣ እኔን አየችኝ። «ይህ ለማየት ነው ወይስ ለመታየት?» አለች። መልስ አልነበረኝም። ጎማው እስካሁን አልተቀየረም፤ ይህም የዚህ ታሪክ አንድ ክፍል ነውና ይመዝገብልኝ።

በማግሥቱ በረንዳ ላይ ሆኜ ልሞክረው ብዬ ማዶ ያለው ዛፍ ላይ ሳነጣጥር ከታች አንድ ጎረቤታችን፣ የጎንደር ሰው፣ ቆሞ ሲያየኝ አየሁት። በርጋታ ደረጃውን ወጥቶ በሩን አንኳኳ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤» አለኝ፣ «ከዛፉ ጀርባ የሰው መስኮት አለ። እኛ ሰፈር ደግሞ እንኳን ይህን የመሰለ ነገር፣ ስልክም ሲዘረጋ ሰው ይሰጋል።» እውነቱን ነው። መታወቂያ የሚጠየቅበት ዘመን ነው፤ ስደተኛ ሆነህ መድፍ የሚመስል ነገር መስኮት ላይ መደገን ብልህነት አይደለም። ወደ ውስጥ ገባሁ። ሌንሱም ሦስት ሳምንት ቁም ሣጥን ውስጥ ከረመ።

እናቴ በጥቅምት መጣች። ሰባ አራት ዓመቷ ነው። የቀኝ ዓይኗን ሞራ ከሁለት ዓመት በፊት ተገፋለች፤ ግራው ግን ገና ደመና ነው። ለአንድ ወር ያህል ሲልቨር ስፕሪንግን አየች፤ የሐበሻውን ሱቅ፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ የእኛን ሳሎን። ከዚያ ሰለቻት። «ውሃ የለበትም አገራችሁ?» አለችኝ። የአዋሳ ሰው ናት፤ ሐይቅ ሳታይ የዋለችበትን ቀን በጣት ትቆጥራለች። እንግዲህ ይኼኔ ነው ኮኖዊንጎን ያሰብኩት።

በኖቬምበር አጋማሽ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሣን። ከሲልቨር ስፕሪንግ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ባልቲሞርን አልፎ በ95 አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን። ከአውራ ጎዳናው ከወጣችሁ በኋላ አገሩ ሌላ ነው። በዳርሊንግተን በኩል ጠባብ መንገድ፣ የታጨደ የበቆሎ ማሳ፣ ቀይ ጎተራ። እናቴ ወፍራም የክረምት ካፖርቷ ላይ ነጠላዋን ደርባ ቆሎ እየቆረጠመች ማሳውን ሁሉ መረመረች። «አገዳውን ለከብት አይሰጡትም?» ብላ ተናደደች።

ግድቡ ድንገት ነው የሚገጥማችሁ። ሰስኩዌሃና የሚባለው ወንዝ ከኒውዮርክ ተነሥቶ ፔንሲልቬኒያን አቋርጦ 715 ኪሎ ሜትር ከተጓዘ በኋላ ቼሳፒክ የባሕር ሰርጥ ሊገባ 16 ኪሎ ሜትር ሲቀረው ይገታዋል። በ1928 ነው ያለቀው። ከዳር እስከ ዳር 1,400 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ከፍታው ወደ 29 ሜትር ነው። አናቱ ላይ ቁጥር 1 አውራ ጎዳና ያልፋል። ኮኖዊንጎ የሚባለው የጥንቱ መንደር ዛሬ ከውሃው ሥር ነው፤ ስሙ ብቻ ወደ ላይ ወጥቶ ግድቡ ላይ ቀርቷል። ከአምስት መቶ ሜጋ ዋት በላይ ያመነጫል ስላት እናቴ «ከእኛው ይበልጣል?» አለችኝ። እርሷ ለሕዳሴው ቦንድ ገዝታለች፤ ወረቀቱን ከልጆቿ የልደት ካርድ ጋር ነው የምታስቀምጠው። ከፍታው ብቻ የዚህን አምስት እጥፍ ያህል ነው፤ ኃይሉም ከዚህ ጋር አይወዳደርም አልኳት። ደስ አላት። ከዚያ በኋላ ኮኖዊንጎን የምታየው እንደ ትንሽ ልጅ ነበር።

ከግድቡ በታች፣ ወንዙ ዳር፣ የዓሣ አጥማጆች መናፈሻ የሚሉት ስፍራ አለ። ስንደርስ ከአርባ የማያንስ ሰው ባለሦስት እግር ማቆሚያውን ተክሎ ተሰልፏል። ሁሉም ሌንስ ወደ ግድቡ ነው። እናቴ ደንግጣ ክንዴን ያዘች።

«እነዚህ ሁሉ ጋዜጠኞች ናቸው?»

«አይደሉም እማዬ፣ ጡረተኞች ናቸው።»

እውነቴን ነው። አንዱ የጥርስ ሐኪም ነበርኩ አለኝ፤ አንዷ አስተማሪ። ወንበር፣ ፔርሙዝ፣ ብርድ ልብስ ይዘዋል። የሚጠብቁት ነገር አለ። የተርባይኖቹ ሥራ ሲጀመር ውሃው ከግድቡ ሥር እየተናጠ ይወጣል፤ በተርባይኖቹ ውስጥ ያለፉት ዓሦች ዞሮባቸው ወይም ቆስለው ይንሳፈፋሉ። ንስሮቹ ይህን ያውቃሉ። በልግ ሲያበቃ፣ በተለይ በኖቬምበር፣ ከየአቅጣጫው እየመጡ በድንጋዩ፣ በዛፉ፣ በኤሌክትሪክ ምሰሶው ላይ ይሰፍራሉ።

ይህ ወፍ እንዲህ በብዛት የሚታይ አልነበረም። አሜሪካኖች ከ1782 ጀምሮ በማኅተማቸው ላይ ሲያትሙት ኖረው በ1963 ሲቆጥሩ ከአላስካና ከሃዋይ ውጭ ባለው አገራቸው የተገኙት 417 ጥንዶች ብቻ ነበሩ። ዲዲቲ የተባለው የተባይ መርዝ በዓሣ በኩል እየገባባቸው የእንቁላላቸው ቅርፊት ሳሳ፤ እናቲቱ ስትታቀፈው ይሰበራል። በ1972 መርዙ ታገደ። በ2007 ንስሩ ሊጠፉ ከተቃረቡት እንስሳት መዝገብ ወጣ፤ በ2021 በወጣው ግምት ከሦስት መቶ ሺህ በላይ ሆኗል። የሚያስቀው፣ በሕግ የአገሪቱ ብሔራዊ ወፍ ተብሎ የተሠየመው ገና በዲሴምበር 2024 ነው። ለሁለት መቶ አርባ ዓመት ያህል ሥራውን ያለ ሹመት ሲሠራ ቆይቷል ማለት ነው። እንደዚህ ያለ ሠራተኛ እኛም ዘንድ ሞልቷል።

ሌንሱን ገጠምኩት። የሚገርመው ብርዱ ነው ያስቸገረኝ፤ ከሞቀ መኪና የወጣ ሌንስ ከቀዝቃዛው አየር ጋር እስኪላመድ ድረስ ምስሉ እንደ ፍም ላይ አየር ይርገበገባል። ጎረቤቴ የጥርስ ሐኪም ነው የነገረኝ። ግማሽ ሰዓት ጠበቅሁ። እጄ ግን ከብርዱም ሌላ ምክንያት ነበረው። ዓይኔን ቀዳዳው ላይ ባደረግሁ ቁጥር ከወፉ ጀርባ የማየው ሲሚንቶውን፣ በሮቹንና የኤሌክትሪኩን ሽቦ ነው። በሃያ አራት ዓመቴ ኮረብታ ላይ የያዘኝ እጅ ከኋላዬ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። ሦስቴ ዞሬ አየሁ። ሦስቴም እናቴ ናት፤ እርሷም ዞር ዞር እያለች ነበር የምታየው። አልተነጋገርንም።

ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ሳይረኑ ጮኸ። ውሃ ሊለቀቅ ነውና ከድንጋዩ ላይ ውረዱ የሚል ማስጠንቀቂያ ነው፤ ቀይ መብራትም አብሮ ይበራል። ይህን እኔ አውቃለሁ፤ ለእናቴ ግን መንገሩን ረስቼዋለሁ። ያቺ ሴት በሰባ አራት ዓመቷ እንዲህ ትፈጥናለች ብዬ አልገመትኩም። «ደብቀው! ካሜራውን ደብቀው!» ብላ ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፋ ሌንሱ ላይ ጣለችበት፤ በሁለት እጇም አቀፈችው።

ይህ ሲሆን አርባው ካሜራ በአንድ ጊዜ መንጣጣት ጀመረ። ንስሮቹ ወርደው ነበር። ሰዎቹ ይጮሃሉ፣ ይስቃሉ። እኔ ነጠላ በለበሰ ሌንስ አጠገብ ቆሜያለሁ። ልቆጣትም ልስቅም አልቻልኩም፤ ምክንያቱም በዚያው ሰዓት ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ከመኪና ማቆሚያው በኩል ቀጥ ብሎ ወደ እኛ ሲመጣ አየሁ። የሆንኩትን ልናገር፤ ዲግሪ አለኝ፣ የአሜሪካ ፓስፖርት አለኝ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። እጄ ግን ማንንም ሳይጠይቅ የካሜራዋን ጎን ከፈተና ካርዱን አውጥቶ መዳፌ ውስጥ ጨበጠው። ፊልሙን እንዳይመዝዙት።

ሰውዬው ደርሶ ለእናቴ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ እጅ ነሣ። «ግራጫዋ ቶዮታ የእናንተ ናት?» አለ።

«አዎ።»

«ጥንብ አንሣዎች እየበሏት ነው።»

ቀልድ አይደለም። እዚያ ስፍራ ጥቁር ጥንብ አንሣዎች አሉ፤ ጎማ ይወዳሉ። የመኪና መስኮት ጠርዝ፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ ያገኙትን ይቦጭቃሉ። ልማደኞቹ መኪናቸውን በሸራ የሸፈኑት ለምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ሮጬ ስሄድ አንዱ ጣሪያው ላይ፣ ሁለቱ ከፊት፤ የቀኙን መጥረጊያ ላስቲክ እንደ ጅማት ጎትተው አውጥተውታል። አባረርኳቸው። ብዙም አልሸሹ፤ ሁለት ሜትር ያህል ርቀው ቆመው አዩኝ። ለእናቴ ስነግራት «እንዴ፣ አሞራማ እኛም አለን፤ አሞራ ገደል ያለው አባ ኮዳ የሰው ዳቦ ነው የሚቀማው፤ መኪና ግን በልቶ አያውቅም» አለች። ነጠላዋን ገና ከሌንሱ ላይ አላነሣችም። ሳይረኑ ለምን እንደ ጮኸ፣ ሰውዬው ምን እንዳለኝ ነገርኳት። «እርግጠኛ ነህ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ነጠላዋን ቀስ ብላ አንሥታ አጣጠፈችው።

ወዲያው አንድ ንስር መጣ። ከምሰሶው ተነሥቶ ዝቅ ብሎ፣ እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ከእኔ ሰላሳ ሜትር በማይሞላ ቦታ ላይ ዓሣውን ከውሃው ላቀ። ተከተልኩት። ሌንሱ ያዘው፤ ወፉ መስኮቷን ሞላት። ካሜራዋ በሰከንድ ስምንት ታነሣለች፤ ሠላሳ ያህል አነሣሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር አንሥቼ አላውቅም። ልይ ብዬ ስከፍት «ካርድ የለም» የሚል ምልክት። ካርዱ በግራ ኪሴ፣ ከመኪናው ቁልፍ ጋር ነበር።

የጥርስ ሐኪሙ «አገኘኸው?» አለኝ። «አገኘሁት» አልኩት። ምን ልበለው?

ካርዱን መልሼ ከትቼ ሃምሳ ደቂቃ ቆምኩ። ሽመላዎቹ ብቻ ናቸው ድንጋዩ ላይ በሰልፍ የቆሙት፤ የቀበሌ ስኳር የሚጠብቁ ይመስላሉ። እናቴ ቡና ቀዳችልኝ፤ ለጥርስ ሐኪሙም ቀዳችለት፤ ለአስተማሪዋ ቆሎ አፈሰችላት። በመጨረሻ አንድ ሌላ መጣ። የፊተኛውን ያህል አልቀረበም። ፍጥነቱን ለሁለት ሺህኛ ሰከንድ አድርጌ፣ ቀዳዳውን ኤፍ 5.6 ላይ ትቼ፣ 500 ላይ አነሣሁ። መጀመሪያዎቹ አራቱ ክንፉ የተቆረጠ ነው። አምስተኛው ደህና ነው፤ ዓሣው በጥፍሩ፣ ነጩ ራሱ ወደ እኛ ዞሮ፣ ከበስተጀርባው ግድቡ ግራጫ ሆኖ ደብዝዞ።

ስክሪኑ ላይ አጉልቼ ለእናቴ ሰጠኋት። ካሜራዋን ወደ ደህናው ዓይኗ አስጠግታ ረጅም ጊዜ አየችው።

«ይኼማ የሐይቁ ወፍ ነው» አለች።

አልተሳሳተችም። በአዋሳ፣ በዝዋይና በጫሞ ዳር ከዋርካ ላይ ሆኖ ቆሮሶ የሚለቅመው ነጭ ራሱ ንስር የዚህኛው የቅርብ ዘመድ ነው። የእኛው ነጩ እስከ ደረቱ ይወርዳል፤ ሆዱም እንደ ሸክላ ቀላ ያለ ነው። ይህንን ነገርኳት። «ድምፁስ? እስካሁን አንዱም አልጮኸም» አለች። ይህም እውነት ነው፤ የእኛው ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ ሲጮህ ሐይቁ ማዶ ይሰማል፤ የአሜሪካው ግን ድምፁ ቀጭን ነው፤ ሲኒማ ላይ የምንሰማው አስፈሪ ጩኸት ብዙ ጊዜ የሌላ ወፍ፣ የጭልፊት ዘመድ፣ ነው። እናቴ በዚህ በጣም ሳቀች። «ድምፁንም በተውሶ?» አለች።

ስንመለስ ሀቨር ደ ግሬስ ሳንደርስ ዝናብ ጀመረ። የግራው መጥረጊያ ይሠራል፤ የቀኙ ብረቱ ብቻ መስተዋቱን እየጫረ ሲጮህ አንድ ነዳጅ ማደያ ጣሪያ ሥር ገብተን ቆምን። እናቴ ካሜራዋን እንደገና እንድሰጣት ጠየቀችኝ። ፎቶውን እንዴት እንደሚያጎሉት አሳየኋት፤ ራሷ እየተጫነች ወፉን፣ ከዚያ ዓሣውን፣ ከዚያ ከኋላ ያለውን ግራጫ ነገር አየች።

«ይህንን ለወንድምህ ላክለት፤ አዋሳ ላሉት ያሳያቸው» አለችኝ። ትንሽ ቆየችና፣ «ግድቡን ግን ቆርጠህ አውጣው።»